ግማሽ ዕድሜ

አባቴ ከሆስፒታል የተመለሰ ቀን ማንም አላቀፈውም። ታክሲው በራችን ላይ ሲቆም ከበረንዳው ዘልዬ ልሮጥ ስል እናቴ ቀሚሴን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችኝ። አባቴ ከኋላ ወንበር ብቻውን ወረደ፤ ሻንጣውን ራሱ ይዞ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ በቤቱ ጎን ዞሮ ወደ ጓሮ አለፈ። አንገቱ ላይ የነበረው የቀዶ ጥገና ጠባሳ ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ እንደ ቀጭን ክር ይታይ ነበር። ሲያልፍ እጁን አነሳልኝና «እንዴት ነሽ ቁንጫዬ» አለኝ። ከዚያ የሥራ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቁንጫ የሚለኝ አንድ ቦታ ተቀምጬ ስለማላውቅ ነው። ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው፣ የቤት ሥራዬን ደረጃ ላይ እየወጣሁና እየወረድኩ ነው የምሠራው። አባቴ አናጺ ነበር፤ እናቴ የሒሳብ አስተማሪ። እሱ ሲስቅ ቤቱ ይሰማል፤ እሷ ስትናደድ እንኳ ድምፅዋ አይወጣም፤ ጠመኔዋን ወይም እርሳሷን አንስታ አንድ ነገር ትጽፋለች።

የዚያን ዕለትም እንዲሁ አደረገች። የአባቴን ሜትር አምጥታ ከሥራ ክፍሉ በር ጀምራ ለካችና ግቢው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ወፍራም መስመር አሰመረች።

«ከዚህ ወዲያ አንድ እግርሽ እንዳያልፍ።»

«እስከ መቼ?»

«ወረቀቱ ላይ አለልሽ።»

ወረቀቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ባለ ካሬ ወረቀት ነው፤ ከታች ቀኖቹ፣ ከጎን ከዜሮ እስከ መቶ ቁጥሮች ተደርድረውበታል። መስመሩ ከላይ ከግራው ጥግ ይነሳና መጀመሪያ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ እየለዘበ፣ እየተኛ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እናቴ በየማለዳው፣ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ መስመሩ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ታኖራለች። ነጥቧ በየቀኑ ከትናንቱ ዝቅ ትላለች። ያንን ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠላሁት።

የጠላሁበት ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ በፊት ሌላ ወረቀት ነበረን፤ እሱን ግን በጣም እወደው ነበር።

የመጀመሪያው ወረቀት መስመሩ ወደ ላይ ነበር የሚሄደው። አባቴ አንገቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ በኋላ በየሦስት ወሩ ለምርመራ ደም ይሰጣል፤ የምርመራው ውጤት ሲመጣ እናቴ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ታደርጋለች። ሦስት። ስድስት። አሥራ ሁለት። ሃያ አራት። ነጥቦቹን ስታገናኛቸው መስመሩ መጀመሪያ እንደተኛ ሰው ነው፤ ቀጥሎ በክርኑ ይደገፋል፤ መጨረሻ ላይ ብድግ ብሎ ይቆማል። እኔ የማውቀው የትምህርት ቤት ውጤት ነው፤ ከፍ ማለት ጥሩ ነው፣ ዝቅ ማለት ደግሞ ያስቆጣል። አባቴ በየሦስት ወሩ እጥፍ የሚያመጣ ጎበዝ ሆነልኝ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። እትዬ እንላቸው ነበር። መርፌ ቁልፎቹን በከንፈራቸው ነክሰው የቀሚሴን ጫፍ እየለኩ «አባትሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«የአባዬ ደም እጥፍ እጥፍ እየሆነ ነው» አልኳቸው። «የሚቀጥለው አርባ ስምንት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ዘጠና ስድስት።»

እትዬ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። እናቴን አዩዋት። እናቴ ደግሞ መስኮቱን ታይ ነበር።

«አሁን ዝም በይ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ቤት ስንገባ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅላ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰው ፊት መኩራራት ነውር ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ወረቀት ይዛ ሆስፒታል እንደሄደች፣ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «የሚቀጥለውን ነጥብ እስክናይ አንጠብቅም» እንዳለች የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ይለካ የነበረው ከአንገት ዕጢ የሚወጣ አንድ ነገር ነበር። የአባቴ ዕጢ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት። እጥፍ እጥፍ ይሆን የነበረው የቀረው በሽታ ነው። ሦስት ስድስት ሲሆን ማንም አልደነገጠም፤ ሁለቱም ትንሽ ቁጥሮች ናቸው። የእንዲህ ዓይነት ነገር ክፋቱ መጀመሪያ ላይ ምንም አለመምሰሉ ነው። እናቴ ግን ያንን መስመር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትሠራው ኖራለች፤ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው የሚወጣው ወረቀት ተነቅሎ የሚወርደው መለጠፉን ነው።

አባቴ በመጣ በሦስተኛው ቀን እናቴ ልብስ እያሰጣች ከእትዬ ጋር በግንቡ ላይ ታወራለች። እኔ ከአንሶላው ሥር ነኝ፤ እርጥቡ ጨርቅ ፊቴን ሲነካኝ ደስ ይለኛል።

«ለመሆኑ ይሄ ነገር ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ይላሉ እትዬ።

«ግማሽ ዕድሜው ስምንት ቀን ነው» አለች እናቴ።

«ስምንት ቀን ብቻ?»

«ስምንት ቀን።»

«ተመስገን ነው። ቶሎ ያልቅለታላ።»

አንሶላው ሥር ደርቄ ቀረሁ። እትዬ አባቴን የሚወዱ ይመስለኝ ነበር። ወንበራቸውን የሠራላቸው እሱ ነው፤ የልብስ መስፊያቸው ጠረጴዛ ሲነቃነቅ የሚያስተካክለው እሱ ነው። እንዴት «ተመስገን» ይላሉ?

ወጥ ቤት ገብቼ ወረቀቱ ፊት ቆምኩ። ስምንተኛው ቀን ላይ እናቴ በነጠብጣብ መስመር ወደ ላይ ወጥታለች፤ መስመሯ ኩርባውን ሲነካ ከጎኑ ያለው ቁጥር ሃምሳ ነው። የመቶ ግማሽ። የአስተማሪ ልጅ ነኝና ማካፈልና ማባዛት አይቸግረኝም፤ ግማሽ ዕድሜው በስምንት ቀን ካለቀ ሌላው ግማሽ በሌላ ስምንት ቀን ያልቃል። ስምንት ሲደመር ስምንት፣ አሥራ ስድስት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጭራሽ መቀመጫ አጣሁ። የግድግዳውን ቀለም በጥፍሬ እልጣለሁ፣ የእጄን ጥፍር እበላለሁ፣ ከበረንዳው እስከ ጠመኔው መስመር እሮጥና እመለሳለሁ። እናቴ «ልጄ፣ እባክሽ፣ ራሴን አዞርሽው» ትለኛለች። እኔ ግን ማስረጃ እየሰበሰብኩ ነበር። የአባቴ ሳህንና ማንኪያ ለብቻው ነው። ልብሱን ራሱ ያጥባል። ፊቱ አብጧል። እኛ በእጅጌ አልባ ሸሚዝ ስንሆን እሱ ፀሐይ ላይ ሹራብ ደርቦ ይቀመጣል፤ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ሲናገር ቃል ከቃል ይርቃል።

መስመሩ ላይ የእግር ጣቶቼን ደርድሬ ቆሜ እጠይቀዋለሁ።

«አባዬ፣ ያምሃል?»

«አያመኝም። ይሰለቸኛል እንጂ።»

«ምን ትሠራለህ?»

«ምንም። ጣውላ አያለሁ፤ ጣውላው ያየኛል።»

ሆስፒታል ለሰጡት መድኃኒት ሲባል በየቀኑ የሚውጠውን ኪኒን ለሳምንታት አስቁመውት ነበር፤ እብጠቱም፣ ብርዱም፣ የቃላቱ መራራቅም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ በአንድ ዐረፍተ ነገር የምገልጸው ነገር ነው። ያኔ ግን አባቴ ዓይኔ እያየ ሲያልቅ ይታየኝ ነበር።

ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ከትምህርት ቤት በሩጫ መጥቼ መስመሩ ላይ ቆምኩ። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ እያፏጨ መላጊያውን ይስላል። ምንም አልሆነም። ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። እናቴ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«እማዬ፣ ዛሬ ግማሹ አለቀ አይደል?»

«አለቀ።»

«ሌላውስ ግማሽ?»

«እሱም በስምንት ቀን ይሄዳል...»

የቀረውን ለመስማት አልቆየሁም፤ ወጥቼ ሮጥኩ። እናቴ እስከ ዛሬ ትምላለች፤ «ይሄዳል፣ የእሱም ግማሹ» ነው ያልኩት ትላለች። አምናታለሁ። የቁንጫ ነገር፣ ዐረፍተ ነገር ማስጨረስ አልችልም ነበር።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ቀይ ነጥቧን አድርጋ፣ ፀጉሬን አበጥራ፣ እስከ መንገዱ ጥግ አብራኝ ሄደች። እሷ ወደ ትምህርት ቤቷ ታጠፈች። እኔ ወደ ትምህርት ቤቴ የምሄድ መስዬ ዳቦ ቤቱን ዞርኩ፣ መኪና ማጠቢያውን ዞርኩ፣ እስኪረፍድ ስዞር ቆይቼ በኋላ በኩል ተመለስኩ። እጄን አሾልኬ የግቢውን በር የውስጥ መቀርቀሪያ ከፈትኩ። ደብተሬን በረንዳው ላይ ጣልኩ። ከዚያ በመስመሩ ላይ አለፍኩ።

የሥራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። የኮላና የሰጋቱራ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳላሸትተው የቆየሁት ሽታ ነው። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሏል።

«አባዬ።»

ዞረ። አይቶኝ እግሮቼን አየ፤ ቀጥሎ ከኋላዬ መስመሩን አየ።

«ተመለሽ።»

«አልመለስም።»

«መስመሩን አላየሽውም? ተመለሽ አልኩሽ።»

አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄድኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። በጠረጴዛው ቀኝ ስመጣ በግራ ዞረ፤ በግራ ስመጣ በቀኝ።

«ውጪ!» አለኝ።

ጮኾብኝ አያውቅም ነበር። ድምፁ መሀል ላይ ተሰነጠቀና ቀጥሎ ሳል ሆነ። ሊሞት የደረሰ ሰው ይከፋል፣ ሰው ይጠላል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ቢጠላኝም ልይዘው ወስኜ ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ በጠረጴዛው ሥር ሾልኬ ወደ እሱ ተወረወርኩ። አባቴ መስኮቱን ከፈተ፣ አንድ እግሩን አወጣ፣ ሌላውን አወጣ፣ ዘሎ ወረደ።

እኔም በመስኮቱ ዘልዬ ተከተልኩት።

እንዲህ ነው አባቴን ግቢያችን ውስጥ ያባረርኩት። እሱ በሹራብና በነጠላ ጫማ፣ እኔ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ልብስ ማስጫውን አለፍን፣ የተቆለለውን ጣውላ ዞርን። አንዱ ጫማው ወልቆ ቀረ። እያለቀስኩ ስለነበር ጀርባው ብዥ ይልብኛል፤ ግን እሮጣለሁ። የእትዬ ራስ ከግንቡ በላይ ብቅ አለ።

«ምን ሆናችሁ እናንተ?»

«እትዬ፣ ይቺን ልጅ ያዙልኝ» አለ አባቴ እያለከለከ።

«በየት ልያዛት? ግንብ መሀላችን ቆሞ።»

በመጨረሻ የውሃ በርሜሉ ጋ ደረስን። እሱ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ። ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ ይሽከረከራል፣ ወደ ግራ ስል ወደ ግራ። ከዚያ ትንፋሹ አለቀበት፤ የበርሜሉን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ።

«ቁንጫዬ፣ ለምን? ስምንት ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረው።»

«አይደለም። ዛሬ ነው።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«የምትሞተው።»

የእትዬ ራስ ከግንቡ ላይ ጠፋ።

«ማን አለሽ?» አለ አባቴ።

«እማዬ። ግማሽ ዕድሜው ስምንት ቀን ነው አለች። ሁለት ጊዜ ስምንት አሥራ ስድስት ነው።»

አባቴ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሳቁ ግን አልመጣም። ቀስ ብሎ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ፤ አንድ እግሩ ባዶ ነው።

«ማባዛቱ ልክ ነው» አለ። «የማን ዕድሜ እንደሆነ ነው የተሳሳትሽው።»

ቀና ስል እናቴ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ለምን ያህል ጊዜ ቆማ እንዳየችን አላውቅም። ትምህርት ሳይለቀቅ መምጣቷ አልገረመኝም፤ እትዬ ደውለው የጠሯት መሰለኝ። መጥታ በጀርባዬ በኩል አቀፈችኝና ከበርሜሉ አራቀችኝ። እጆቿ ቀዝቃዛ ነበሩ።

«ስለ መድኃኒቱ ነው የተናገርኩት» አለች ጆሮዬ ሥር። «ስለዋጠው መድኃኒት። ጨረር አለው። ግማሽ ዕድሜ የሚባለው የእሱ ነው።»

አልገባኝም። ማልቀሴንም አላቆምኩም። ያኔ አባቴ ተነስቶ ጫማውን ፈልጎ አጠለቀ፣ ወደ ሥራ ክፍሉ ገብቶ ቀጭን ጣውላና መጋዝ ይዞ ወጣ። እኛ ከመስመሩ ወዲህ ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤ እሱ በሩ ላይ ሆኖ ጣውላውን ኩርሲ ላይ አጋደመው። ቁመቱ የእኔን ያህላል።

«ይሄ የዋጥኩት መድኃኒት ነው። ስምንት ቀን አለፈ።» መሀሉን ቆረጠና ግማሹን ወደ ጎን ወረወረ። «ምን ቀረ?»

«ግማሽ።»

«ሌላ ስምንት ቀን። ዛሬ ማለት ነው። ከቀረው ግማሹን ነው የምቆርጠው፣ ሁሉን አይደለም።» ቆረጠ። «ምን ቀረ?»

«ሩብ» አልኩ።

«ወረቀቱ ላይ ሂጂና እይ፤ ሃያ አምስት ይላል» አለች እናቴ። እኔ ግን መጋዙን ነበር የማየው። አባቴ እንደገና ቆረጠ፣ እንደገናም። የሚወድቀው ቁራጭ በየጊዜው ያንሳል፤ መጀመሪያ ክንዴን የሚያህል፣ ከዚያ ጣቴን የሚያህል። መጨረሻ ላይ በሁለት ጣቱ የያዘው አውራ ጥፍሬን አያክልም።

«ከዚህ በኋላ መጋዜ አይዘውም» አለ።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ጨርሶ ዜሮ አይሆንም» አለች እናቴ። «መስመሩ ወለሉን አይነካም። ግን እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ያኔ አጠገቡ ትቀመጫለሽ።»

«አባዬስ? እሱስ ያንሳል?»

«እኔ መጋዙን የያዝኩት ነኝ» አለ አባቴ። «ጣውላው አይደለሁም።»

«ታዲያ አትሞትም?»

አባቴ ከመጋዙ ጥርስ ላይ ሰጋቱራውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። እናቴ የያዘችኝ እጇ ጠበቀ። አባቴ የቆየው ሩጫው አድክሞት መሰለኝ።

«ዛሬ አልሞትም» አለ በመጨረሻ።

ለእኔ በቂ ነበር። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና ወረቀቱን እንደ አዲስ አየሁት። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሞት የሚለውን ቃል አፍ አውጥቼ መጀመሪያ የጠራሁት እኔ ነበርኩ። እነሱ ስለ ሜትርና ስለ ቀን፣ ስለ ማንኪያና ስለ ሳህን ነበር የሚያወሩት። ወረቀቱም ቢሆን ስለ አባቴ ምንም አይናገርም ነበር፤ መድኃኒቱ መቼ እንደሚደክም እንጂ በሽታውን ያሸነፈ መሆን አለመሆኑን አያውቅም። ይባስ ብሎ መስመሩ ራሱ ከእውነቱ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነበር። ሰውነት መድኃኒቱን በራሱ መንገድም ያስወጣዋል፤ ሐኪሞቹም ሁለት ሳምንት ይበቃል ብለው ነበር። ሃያ አራት ቀን ያደረገችው እናቴ ናት፣ ለጥንቃቄ ብላ። ያን ቀን ከበርሜሉ ወዲያ ብይዘው ኖሮ ምንም አልሆንም ነበር።

በሃያ አራተኛው ቀን እናቴ በባልዲ ውሃ ጠመኔውን አጠበችው። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እጁን ዘረጋልኝ። ጉልበቱ ላይ ወጥቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ኮላና ሳሙና ይሸታል። አምስት ደቂቃ የቆየሁ አይመስለኝም። እግሬ በላኝ፣ ወረድኩ፣ ሮጥኩ። «ይኸው፣ ለዚች አምስት ደቂቃ ነው ያባረረችኝ» ብሎ ሲስቅ ከጓሮ ሰማሁት።

ከዚያ ሦስት ወር መጠበቅ መጣ። እናቴ ያንን የመጀመሪያውን፣ የሚወጣውን ወረቀት አውጥታ እንደገና ለጠፈችው። እኔም አሁን ማንበብ ችያለሁ፤ ከፍ ያለው ነጥብ ጠላቴ ሆኗል። ደም የሰጠ ዕለት ማታ ራት አልተበላም ማለት ይቻላል፤ ሦስታችንም ሳህን እንነካካለን። ውጤቱ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው። እናቴ ወረቀቱን በሩ ላይ ቆማ አነበበች፣ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ እርሳሱን አስጠጋች። እጇ ሃያ አራትን አልፎ ወረደ፣ አሥራ ሁለትን አልፎ ወረደ። አምስት ላይ ቆመ። በሚቀጥለው ጊዜ ከአንድ በታች ሆነ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ። ባለፈው ዓመት ያረፈው በልብ ሕመም ነው፣ በአንድ ቀን፣ ምንም ወረቀት ሳያስለጥፍ።

ቅርብ ጊዜ ከእናቴ ጋር የሥራ ክፍሉን ስናጸዳ ስለዚያ ሩጫ አነሳንና ሳቅን። የእትዬን ራስ፣ የወለቀውን ጫማ።

«ደግነቱ እትዬ ደውለው ጠሩሽ» አልኳት።

«ማን ደወለ? እሳቸው ስልክ መቼ ነበራቸው?»

«ታዲያ ትምህርት ሳይለቀቅ እንዴት መጣሽ?»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችውና ኩርሲው ላይ ተቀመጠች።

«ከትምህርት ቤት አልነበረም የመጣሁት» አለች። «አንቺን ሸኝቼ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ሁለተኛው ላይ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ለልጆቹ ሥራ ሰጥቼ ወጣሁና ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አስቁሜ ‹ባለቤቴ ይድናል ወይስ ይሞታል?› አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«‹ሦስት ወር ጠብቂ› አለኝ። ሌላ ምን ይበለኝ?» ሰጋቱራውን በጫማዋ ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገችው። «ከዚያ ቤት ስገባ እሱ እየሮጠ፣ አንቺ እያለቀስሽ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋችሁ። ቦርሳዬን ጥዬ አብሬሽ ላባርረው ምንም አልቀረኝም ነበር።»